ለቀጥቃጩ ልጅ ፊርማ ስንለቅም

አባቴ በሕይወት ሳሉ ይህን ታሪክ ለማንም አላወራሁም። ያፈርሁት በእሳቸውና በእናቴ መስሎኝ ነበር። አሁን እሳቸውም አርፈዋል፤ እኔም ያፈርሁት በማን እንደነበረ ከገባኝ ቆይቷል። ስለዚህ ሳልጨምር ሳልቀንስ፣ እንደሆነው አድርጌ ልንገራችሁ።

ነገሩ የሆነው ባለፈው ምርጫ ዓመት ነው። እኔ ያን ጊዜ ቡሬ መናኸሪያው አካባቢ ፎቶ ኮፒ የሚነሳባት፣ ማመልከቻ የሚጻፍባት አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረችኝ። ራሴን እንደ ዘመናዊ ሰው ነበር የምቆጥረው። ሰው በዘሩ ሲናቅ ስሰማ እናደዳለሁ፤ ደንበኞቼ ፊት ስለ እኩልነት ጥሩ አድርጌ እናገራለሁ። አፌ ከሥራዬ ቀድሞ የሚሮጥ ዓይነት ሰው ነበርሁ።

የካቲት ሊያልቅ ሲል፣ አንድ ጠዋት ትርንጎ ደምለው ወደ ሱቄ ገባች። ትርንጎ የአገሬ ልጅ ናት። ፍኖተ ሰላም ሁለተኛ ደረጃ አራት ዓመት አብረን ተምረናል። ያን ጊዜ ከደጋው የምንመጣ ልጆች ከተማ ላይ ቤት ተከራይተን ሳምንቱን እንማርና፣ ዓርብ ከሰዓት ስንቅ ለማምጣት አገር ቤት እንወጣ ነበር። አራት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ከእኛ ወገን የምንመላለሰው አምስት ነበርን። እሑድ ስንመለስ ከወንዙ ማዶ፣ አንድ ዋርካ ጥላ ሥር ተቀምጠን ከየአገልግላችን እያወጣን እንቀምስ ነበር። የዚያ ዋርካ ጥላ፣ የዚያ ውኃ ድምፅ፣ ስለ ፈተና የምንጨቃጨቀው ጭቅጭቅ እስከ ዛሬ ይታወሰኛል።

ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። በእነዚያ አራት ዓመታት ከትርንጎ አገልግል አንዲት ጉርሻ ቀምሼ አላውቅም። አባቷ አያ ደምለው፣ ከእኛ ደብር ማዶ የሚኖሩ ቀጥቃጭ ናቸው። የአገሩ ሁሉ ማረሻ፣ ማጭድ፣ መጥረቢያ ከእሳቸው ወናፍ ነው የሚወጣው። ሰው ሁሉ እጃቸውን ይፈልጋል፤ ከቤታቸው ግን እህል አይቀምስም። «ጠይብ» ይሏቸዋል፤ የባሰውንም የሚል አለ። እኔ ቤት ይህን ማንም በቃል አላስተማረኝም። ብቻ እሷ ስትዘረጋልኝ ሆዴን አሞኛል እላለሁ፤ ሌላ ቀን ጠግቤያለሁ እላለሁ። አሥረኛ ክፍል ላይ መዘርጋቷን ተወችው። ስለዚህ ነገር አንድም ቀን አልተነጋገርንም።

ከዚያ ባሕር ዳር ሕግ ተማረች። ተመልሳ ፍኖተ ሰላም ላይ ጥብቅና ጀመረች። መሬታቸውን የባላቸው ወንድም የወሰደባቸውን ባልቴቶች፣ ድንበር የተገፋባቸውን ደካሞች ይዛ ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት የምትንከራተት እሷ ነበረች። እና ያን ጠዋት ሱቄ ገብታ፣ ለክልል ምክር ቤት በግል እንደምትወዳደር ነገረችኝ።

ደስ አለኝ። እውነቴን ነው፤ ደስ አለኝ። በራሪ ወረቀቷን ያተምሁት እኔ ነኝ፤ ወኪሌ ሁን ስትለኝም አላመነታሁም። ችግሩ የድጋፍ ፊርማ ነበር። የግል ተወዳዳሪ ለመመዝገብ ከመራጩ ሕዝብ ብዙ ፊርማ ማሰባሰብ ነበረባት። ከተማው ላይ ጥሩ ሄደልን፤ ወደ ገጠር ስንወጣ ግን ነገሩ እንደ ክረምት እንጨት አልነድ አለ። ሰው ንግግሯን ይሰማል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ «የማን ልጅ ነሽ?» ይላል። ስትነግረው እርሳሱን ያስቀምጣል። መዝገቡ ሊዘጋ ሦስት ቀን ሲቀረው ከመቶ ሃምሳ የሚበልጥ ጎድሎን ነበር።

ያን ጊዜ ነው እኔ መላ ያመጣሁት። የእኛ ደብር ሰፊ ነው፤ አባቴ መሪጌታ ልሳነወርቅ ደግሞ በዚያ አገር የተከበሩ የቅኔ መምህር ናቸው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ ይሰበሰባል። «ወደ እኛ ደብር እንሂድ፤ የአባቴ ስም በር ይከፍትልናል» አልኋት።

ትርንጎ ወረቀቶቹን እየሰበሰበች፣ «በሩ ሲከፈት የሚገባው ማን ነው? እኔ ነኝ ወይስ አባትህ?» አለችኝ።

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ከቡሬ በሚኒባስ ፍኖተ ሰላም ደረስሁና አገኘኋት። ኮረኮንቹ እስከሚያበቃበት ድረስ በባጃጅ ሄድን፤ ከዚያ በእግር። መጋቢት ነው፤ ዐቢይ ጾም። ሰማዩ ጠርቷል፤ ገበሬው የመጀመሪያውን እርሻ ጀምሯል። የሄድንበት መንገድ ያ የተማሪነታችን መንገድ ነው። ያ ዋርካ ሥር ስንደርስ ሁለታችንም ሳንቀመጥ አለፍን።

መንገዳችን ላይ ዝግባ የምትባል መንደር አለች። እዚያ ስንደርስ ሰው ተሰብስቦ ደቦ ቤት ይሠራል፤ ወንዶቹ ማገር ይማግራሉ፣ ሴቶቹ ከዛፍ ሥር ምግብና ጠላ ያቀርባሉ። ትርንጎ ወደ ሴቶቹ ሄደች፤ እኔ ወደ ወንዶቹ። እንደ አገሩ ወግ ሰላምታው ረዘመ። የመሪጌታ ልጅ መሆኔን ሲያውቁ ማገሩን ትተው ከበቡኝ። የመጣሁበትን ነገርኋቸው። አያ ውበቱ የሚባሉ የመንደሩ ሽማግሌ ዓይናቸውን ወደ ትርንጎ ላኩና ጠየቁ።

«ይቺ ልጅ የማን ልጅ ናት?»

አስቤበት አይደለም። ምላሴ ላይ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ይመስል ወጣ።

«የእኛው ናት። አብረን ነው ያደግነው።»

«የመሪጌታ ወገን ከሆነችማ ምን እንጠይቃለን» አሉ አያ ውበቱ፤ እና ጣታቸውን ለቀለሙ ዘረጉ። እሳቸው ሲፈርሙ ሌላው ተከተለ። መጻፍ የሚችለው ፈረመ፣ የማይችለው አሻራውን አኖረ። ከዚያ ሴቶቹም ተጠሩ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ አርባ ሦስት ስም ሞላሁ። ውስጤ በደስታ ጮቤ ረገጠ። ውሸት አልተናገርሁም፤ እንዲያውም ራሴን እንደ ብልህ ሰው ቆጠርሁት።

ከመንደሩ ወጥተን ትንሽ እንደሄድን፣ የአንድ ጅረት ዳር ላይ ትርንጎ ቆመች።

«ከሴቶቹ አንዷ፣ ለካስ የመሪጌታ የወንድም ልጅ ነሽ አለችኝ። ምን አልሃቸው?»

«የእኛው ናት አልሁ። ውሸት ነው?»

«ይበልጣል፣ አንተ የቅኔ መምህር ልጅ ነህ። ሰሙ የእኛው ናት ነው። ወርቁስ?»

እጇን ዘረጋች። ወረቀቶቹን ሰጠኋት። ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ እስክሪብቶ አወጣችና የሁለቱን ገጽ ስሞች በሙሉ፣ ከላይ እስከ ታች፣ አንድ በአንድ ሰረዘቻቸው። አልተቻኮለችም። እኔ ከጎኗ ቆሜ ልለምናት ሞከርሁ፤ ሰኞ መዝገቡ እንደሚዘጋ፣ ያለ እነዚህ ፊርማዎች እንደማንሞላ፣ ማንም እንደማይመረምረን ነገርኋት።

«ፈራሚ የሚፈርምለትን ሰው ካላወቀ ፊርማው ፊርማ አይደለም» አለች ሳትቆጣ። «እኔ ፍርድ ቤት ውስጥ ይህንኑ እያልሁ የስንቱን ሰነድ አስጥያለሁ። ደግሞ አባቴ በሕይወት አለ። እሱን ቀብሬ ምክር ቤት ብገባ እዚያ የምናገረው ነገር ምንድን ነው?»

ከዚያ በኋላ እስከ ቤታችን ድረስ እኔ ከፊት፣ እሷ ከኋላ ሄድን። ተናድጄባት ነበር። እውነቱን ልናገር ብያለሁና እናገራለሁ፤ ኩራተኛ ናት ብዬ ነበር የተናደድሁት።

ቤት ስንደርስ ፀሐይ ማዘቅዘቅ ጀምራለች። አባቴ በረንዳው ላይ ቁርበት አንጥፈው መጽሐፍ ይመለከታሉ። ጉልበታቸውን ሳምሁ። ትርንጎም ዝቅ ብላ ሰላም አለች።

«የማን ልጅ ነሽ፣ ልጄ?» አሉ አባቴ።

«የቀጥቃጩ የደምለው ልጅ ነኝ፣ አባ።»

ቤት ውስጥ ስትንጎዳጎድ የነበረችው እናቴ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች።

አባቴ መጽሐፉን ዘጉ። «ደምለው ደኅና ነው?»

«እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነው። ዓይኑ ብቻ ደከም ብሏል።»

«እሳት ነው» አሉ አባቴ። «ዕድሜ ልኩን እሳት ሲያይ የኖረ ዓይን።» ከዚያ እንድትቀመጥ አደረጉና ስለ ምርጫው፣ ስለ ባልቴቶቹ ክርክር፣ ስለ ሕጉ ጠየቋት። እንደ ሊቅ ለሊቅ ነበር የሚያወሩት። እኔ ልቤ ረጋ። የአባቴ ቤት ከሌላው ቤት ይለያል አልሁ በሆዴ።

ከዚያ ራት ቀረበ።

እናቴ ትልቁን ትሪ ለአባቴና ለእኔ አመጣች። ሽሮ፣ ጎመን፣ ስልጆ። ተመልሳ ገባችና በአንዲት አሮጌ የቆርቆሮ ሳህን የትርንጎን ለብቻ አመጣች። ውኃዋንም ጫፉ በተሸረፈ ጣሳ። ሳህኑን አውቀዋለሁ፤ ከቤት ውጭ ግድግዳው ሥር የሚቀመጥ፣ ከእኛ ዕቃ ጋር የማይታጠብ ሳህን ነው። እናቴ ክፉ ሴት አይደለችም። «ብዪ ልጄ፣ ደክሞሻል» አለቻት፤ ድምፅዋ ውስጥ ርኅራኄ ነበር። ያ ነው እንዲያውም የባሰው።

ትርንጎ ሳህኑን በሁለት እጇ ተቀበለች። አመሰገነች። አባቴ ጸሎት አደረጉና እንጀራውን ባርከው ቆረሱ። ከዚያ ቀና ብለው ተመለከቱኝ። ለምን እንደተመለከቱኝ ያን ጊዜ አልገባኝም።

ከትሪው ቆርሼ በላሁ።

ጎመኑ ጨው እንደበዛበት አስታውሳለሁ። ቀና ብዬ እሷን እንዳላይ ትሪውን ብቻ እያየሁ እንደበላሁ አስታውሳለሁ። ትርንጎ ሳህኗን ጨርሳ በላች፤ ምንም አላስተረፈችም። እጇን ታጥባ፣ እናቴን እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብላ፣ ጀምበር ሳትጠልቅ ወደተነጠፈላት መደብ ገብታ ጋደም አለች።

እሑድ ጠዋት ከአባቴ ጋር ወደ ቤተ ክርስቲያን ወጣን። ትርንጎ ከእናቴ ጋር ኋላ ትመጣለች። የደጋ ጠዋት ታውቁታላችሁ፤ ሣሩ በጤዛ ርሷል፣ ጉም ከገደሉ ሥር ይነሳል። አባቴ መቋሚያቸውን ይዘው ከፊት፣ እኔ ከኋላ። ከራት ጀምሮ የያዝሁትን ነገር በመጨረሻ አወጣሁት። ትናንት በቤታችን የተደረገው ነገር እንዳሳፈረኝ፣ እሳቸው የተማሩ ሰው ሆነው እናቴን ዝም ማለታቸው እንዳስገረመኝ ተናገርሁ። ጥሩ አድርጌ ነበር የተናገርሁት፤ ሱቄ ውስጥ እንደምናገረው።

አባቴ እስክጨርስ ጠበቁ። ከዚያ መንገዱ መሐል ቆሙ።

«እውነት ነው። እናትህ እናቷ ስታደርግ ያየችውን ነው የምታደርግ፤ እኔም ስድሳ ዓመት እያየሁ ዝም ብያለሁ። በደሉ የእኔም ነው፤ በንስሐዬ እይዘዋለሁ። ግን አንተ፣ ልጅቱን ይዘህ የመጣኸው አንተ ነህ። ማዕዱን ስባርክ ዓይኔ አንተ ላይ ነበር። ከየትኛው እንደምትበላ ማን አዘዘህ?»

ይህን ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ያ ጥያቄ ዛሬም ድረስ አልለቀቀኝም። ማንም አላዘዘኝም ነበር። ተነስቼ ሦስት እርምጃ ተራምጄ ከአጠገቧ ብቀመጥ፣ ከዚያች ሳህን ብቆርስ፣ ጣሪያው አይወድቅም ነበር። ለፊርማ በር ያንኳኳሁላት፣ ስሟን በሚያምር ፊደል ያተምሁላት ሰው አብሬያት መብላት ግን አልሆነልኝም። ዝግባ ላይ «የእኛው ናት» ብዬ የዋጥሁት የአባቷን ስም ነበር፤ ለእሷ ብዬ ሳይሆን እኔው ራሴ ስላፈርሁበት ነው። ለካስ ከዚያ የተማሪነት የሆድ ሕመሜ ጎልማሳ ሆኜም አልዳንሁም። ያን ቀን ቅዳሴውን የሰማሁት በጆሮዬ ብቻ ነበር።

ቅዳሴ ሲያልቅ ሰው እንደ ልማዱ ከግቢው ውጭ ሾላው ሥር ተቀመጠ። ወንዶች በአንድ ወገን፣ ሴቶች በአንድ ወገን። አባቴ፣ እንግዳ ልጅ መጥታለች፣ የምትለው አላት፣ ስሟት አሉና ተቀመጡ። ስለ ማንነቷ ምንም አልጨመሩም።

ትርንጎ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች። በሰላምታ ጀመረች፤ ቀጥሎ ማንም ሳይጠይቃት ስሟን ከነአባቷ፣ አባቷን ከነሥራቸው ተናገረች። የምትሠራውን፣ ብትመረጥ የምታስበውን፣ በአጭሩ፣ በአገራችን አነጋገር ተናገረች። ስትጨርስ ከርቀት የአህያ ጩኸት ይሰማል።

መጀመሪያ የተናገሩት አቶ መኮንን ናቸው። ባለ ብዙ ጥማድ፣ ቃላቸው የሚሰማ ሰው ናቸው። ሳይሳደቡ፣ በጨዋ ደንብ ነው የተናገሩት። ልጅቱ አንደበቷ የተባ መሆኑን አመሰገኑ። ነገር ግን አገርን የሚወክል ሰው፣ አገር ከሌላ አገር ፊት የሚቆምበት ሰው፣ «ዘሩ የታወቀ» ሊሆን ይገባል አሉ።

ትርንጎ ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች። «ዘሬማ ታውቋል፣ አባ። ያስቸገረንስ መታወቁ ነው።»

ጥቂት ሰዎች ሳቁ፤ ወዲያው ሳቃቸውን አፈኑት። የሰዉ ዓይን ግን ወደ እኔ አባት ዞረ። አገራችን እንዲህ ነው፤ ነገር ሲከርር የሊቅ አፍ ይጠበቃል። አባቴ ወዲያው አልተነሱም። መቋሚያቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ አገጫቸውን በእጃቸው ላይ አሳርፈው ቆዩ። ከዚያ እንደተቀመጡ ተናገሩ።

«ዘር ጠየቃችሁ፤ መልካም ነው። ወሩም መጋቢት ነው፤ የዘር ነገር ይታሰባል። ግን እናንተ ገበሬዎች ናችሁና አስረዱኝ። ዘር ያለ ማረሻ በምን ይገባል?»

ሌላ ቃል አልጨመሩም።

መጀመሪያ የገባቸው ከኋላ የተቀመጡ አንድ ዓይነ ስውር መምህር ነበሩ። «ይበል!» አሉ፤ በቅኔ ማኅሌት እንደሚባለው። ከዚያ እንደ ነፋስ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲያልፍ አየሁት፤ አንዱ ለሌላው በሹክሹክታ ይፈታለታል። እዚያ የተቀመጠ ገበሬ ሁሉ ቤቱ ያስቀመጠው ማረሻ ከማን እጅ እንደወጣ ያውቃል። በዚያ ወር ማረሻ ለማስሳል አያ ደምለው ዘንድ ያልሄደ አልነበረም። አቶ መኮንን መሬት መሬት አዩ።

ቢሆንም ተረት እንዳይመስላችሁ። በአንድ ቅኔ አገር አይለወጥም። ብዙ ሰው አንድ በአንድ ተነስቶ፣ ጎረቤቱ የሚያደርገውን በጎን እያየ፣ ወደ ቤቱ ሄደ። አቶ መኮንንም ሄዱ። አባቴ ራሳቸው አልፈረሙም፤ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነኝ፣ ለማንም አልፈርምም አሉ። የቀሩት ግን ቀረቡ። ትርንጎ መሬታቸውን ያስመለሰችላቸው አንዲት ባልቴት ቀደሙ። አንድ ወጣት ገበሬ ከነሚስቱ ተከተለ። ከዚያ ሌሎች፤ ከመቶ የሚበልጡ። እኔ ቀለሙን ያዝሁ፤ እሷ ወረቀቱን።

ከሰልፉ መጨረሻ ቀና ስል እናቴ ቆማለች።

ዓይኗ እኔ ላይ አልነበረም። ወደ ትርንጎ ቀረበችና፣ «የት ላይ ነው ጣቴን የማኖረው?» አለች በቀስታ። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ትርንጎ እጇን ያዘች፤ አውራ ጣቷን ቀለሙ ላይ፣ ከዚያም ወረቀቱ ላይ ቀስ አድርጋ አሳረፈችላት። እናቴ እጇን ለመንጠቅ አልቸኮለችም፤ ቀለሙንም በነጠላዋ አልጠረገችውም። እንደያዘች ወደ ቤት ሄደች።

ቆጠርነው። አሁንም ሃያ ስምንት ጎድሎናል። ጊዜው ከሰዓት ሆኗል። መንገዳችን በዝግባ ነው።

«ዝግባ ላይ እኔ ነኝ የምናገረው» አልኋት። ትርንጎ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች።

ደቦው ቤቱን ቅዳሜ አቁሞ፣ ሰው ሰንበትን እያረፈ ነበር። ሽማግሌው አያ ውበቱ ፊት ቆምሁ። ትናንት ልጅቱ የማን ልጅ እንደሆነች ጠይቀውኝ አድበስብሼ እንደመለስሁ፣ የአባቴ ዘመድ እንዳልሆነች፣ የቀጥቃጩ የአያ ደምለው ልጅ እንደሆነች፣ የፈረሙበትን ወረቀት ራሷ እንደሰረዘችው ተናገርሁ። የተሰረዘውንም ወረቀት አሳየኋቸው።

አያ ውበቱ ተቆጡ። የተቆጡት በእሷ ሳይሆን በእኔ ነው። የመሪጌታ ልጅ በሽማግሌ ይቀልዳል ወይ አሉኝ፤ ተገቢ ቁጣ ነበር፤ ጎንበስ ብዬ ተቀበልሁት። እሳቸውና ሌሎች ብዙዎች ሁለተኛ አልፈረሙም። አንዲት ጎበጥ ያሉ ባልቴት ግን ከሴቶቹ መሐል ተነስተው መጡ።

«አንተ ልጅ፣ ሞኝ መሰልሁህ?» አሉኝ። «እኔ ትናንትም አሻራዬን ሳኖር አውቄ ነው። አገጯ የአባቷ ነው። ማጭዴን ሠላሳ ዓመት የሳለልኝን ሰው መልክ እረሳለሁ?» ከዚያ ወደ ትርንጎ ዞረው፣ «አምጪው፣ ልጄ፤ እኔ ሁለት ጊዜ መፈረም አይከብደኝም» አሉ።

ከእሳቸው ኋላ ሴቶቹ መጡ፤ ከወንዶቹም ጥቂት። ሠላሳ ሁለት ሆኑልን። አራት ተረፈን ማለት ነው። ሰኞ ጠዋት ፍኖተ ሰላም ላይ መዝገቡ ሳይዘጋ አስገባን፤ ትርንጎ ደምለው እጩ ሆና ተመዘገበች።

ሰኔ ላይ ሕዝቡ መረጠ። እኔ በአገሬ ምርጫ ጣቢያ የእሷ ወኪል ሆኜ ተቀመጥሁ። ቆጠራው አልቆ ውጤቱ የትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ዝናብ ያካፋ ነበር። ሰው ጋቢውን ተከናንቦ ወረቀቱን ከበበ። በምርጫ ክልሉ በሙሉ ትርንጎ አላሸነፈችም፤ ይህን ኋላ ላይ ሰማን፤ ለማሸነፍም አልተቃረበችም። በዚያ ወረቀት ላይ ያየሁት ግን ሌላ ነው። ሾላው ሥር ለእሷ የፈረሙት መቶ ሃያ ምናምን ነበሩ። ድምፅ የሰጧት የዚያን እጥፍ ሊሞሉ ጥቂት ቀራቸው። በስሕተት ይሆናል ብዬ ሦስት ጊዜ አነበብሁት። በጎረቤት ፊት ጣታቸውን መዘርጋት የፈሩ ሰዎች፣ መጋረጃው ጀርባ ብቻቸውን ሲሆኑ መርጠዋታል።

ደወልሁላት። የደብራችንን ቁጥር ነገርኋት። ድገምልኝ አለች፤ ደገምሁላት።

«እስኪ ልዝጋው፣ ይበልጣል» አለች። «ለአባቴ ልንገረው።»

ይህ ከሆነ ዓመታት አለፉ። አባቴ በሁለተኛው ዓመት አረፉ። አያ ደምለው ለቅሶ ሊደርሱ መጥተው ነበር፤ እናቴ በር ድረስ ወጥታ፣ እጃቸውን ይዛ አስገብታ፣ ከሽማግሌዎቹ መሐል አስቀመጠቻቸው። የተቃወመ ሰው አልነበረም። ያ የደጋ መንገድ እንደዚያ ዘመን እንደልብ አይኬድበትም፤ አገር ቤት ከሄድሁ ቆየሁ። አንዳንዴ ቡሬ ላይ ሱቄ ውስጥ ተቀምጬ፣ የመጋቢት ፀሐይ ስትወጣ፣ ሾላው ሥር የተሰበሰበው ሰው ነጭ ልብስ፣ የአባቴ መቋሚያ፣ የጤዛው ሽታ ይመጣብኛል። ያ ዘመን ናፍቆኛል። ያፈርሁበት ቀን እንኳ ይናፍቀኛል።

እናንተ አንባቢዎች ሆይ፣ ሌላ ምርጫ ሲመጣ ስለ እጩዎቹ መጠየቃችሁ አይቀርም። የማን ልጅ ነው፣ ከየት ወገን ነው ትላላችሁ። እኔ ይህን ጥያቄ አልጠላውም፤ የአገራችን ሰላምታ ነው፤ ሰውን ከሰው የምናገናኝበት ገመድ ነው። የምለምናችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው። መልሱን ስትሰሙ የምታፍሩት በማን እንደሆነ መርምሩ። አብዛኛው ሰው በልቡ ክፉ አይደለም፤ ጎረቤቱን ይፈራል፣ ጎረቤቱም እሱን ይፈራል፣ እንዲህ እየተፈራራን አንድን ሰው ዕድሜ ልኩን ለብቻው እናስቀምጠዋለን። ያን የሚሰብር አንድ ሰው ቀድሞ መነሳት አለበት፤ እኔ ያን ቀን መነሳት ይገባኝ ነበር፤ አልተነሳሁም።

ትርንጎ ዛሬም ፍኖተ ሰላም ጥብቅና ላይ ናት። ጉዳይ ያለበት ሰው ሱቄ መጥቶ ማመልከቻ ሲያጽፍ፣ ጎበዝ ጠበቃ ጠቁመን ይለኛል። ስሟን እነግረዋለሁ። የማን ልጅ ናት ይለኛል።

«የቀጥቃጩ የአያ ደምለው ልጅ ናት» እለዋለሁ፤ እና ቀና ብዬ ዓይን ዓይኑን አየዋለሁ።